«1,200 ዋት» የሚል ካርቶን ስንት ዋት ይዟል? ለቤት መኪና ቤዝ የሚገዙና የሚሸጡ ሊያውቁት የሚገባ ሒሳብ

በመኪና ዲኮር ቤቶች መደርደሪያ ላይ የሚታዩት ካርቶኖች አብዛኞቹ በትልቁ የተጻፈ ቁጥር አላቸው። 800፣ 1,200፣ አንዳንዱም 2,000 ዋት ይላል። ገዢው ሁለት ካርቶን አስቀርቦ ዋጋ ሲያነጻጽር የሚያየው ይህንኑ ቁጥር ነው፤ ሻጩም የሚከራከረው በዚሁ ነው። ይሁንና ሰብዉፈርን፣ በገበያው አጠራር «ቤዝ» የሚባለውን ዕቃና አምፕሊፋየሩን በዚህ ቁጥር ብቻ መግዛት እህልን ሳያስመዝኑ ጆንያው ላይ በተጻፈው ኪሎ እንደ መግዛት ነው። ሚዛን የለም ማለት ግን አይደለም። ሚዛኑ አምፕሊፋየሩ ጎን ላይ የተሰካው ትንሽ ፊውዝ ነው።

ጉዳዩ የሙዚቃ ወዳጆች ብቻ አይደለም። እንደሚታወቀው በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከወሰነ ወዲህ፣ ቀድሞ የገባ መኪና ያለው ሰው መኪናውን ጠብቆ ማቆየት ይበጀዋል። ባለበት መኪና ላይ የሚጨምረው ዕቃም ሆነ የሚያስቆርጠው ገመድ በሽያጭ ዕለት ሒሳብ ውስጥ ይገባል። በመሆኑም በአዲስ አበባ መንገዶች በብዛት የሚታየውን ቶዮታ ኮሮላ ምሳሌ በማድረግ፣ ከፋብሪካው አብሮ በመጣው ቴፕ ላይ ቤዝ ሲጨመር ገንዘቡ የት የት እንደሚሄድና አደጋው ከየት እንደሚመጣ እንመለከታለን።

የፋብሪካው ቴፕ የሚጎድለው

የሰው ጆሮ ከ20 እስከ 20,000 ኸርዝ ያለውን ድምፅ ይሰማል። የቤዝ ጊታር ወፍራሙ ክር 41 ኸርዝ ላይ ይመታል፤ የከበሮ ጉምታም እንዲሁ ከታች ነው። በመኪና በር ውስጥ የሚገጠመው 16 ሳንቲ ሜትር ገደማ ስፋት ያለው ስፒከር ግን ከ80 ኸርዝ በታች እየደከመ ይሄዳል። ድምፁ ሲጨመርበት ይንቀጠቀጣል እንጂ ወፍራሙን ድምፅ አያወጣም። የሰብዉፈር ሥራ ይህንን የታችኛውን ክፍል ብቻ መያዝ ነው።

ሁለተኛው እጥረት ኃይል ነው። በርካታ ቴፖች ላይ «50 ዋት በ4» ተብሎ ይጻፋል። ይህም 200 ዋት መሆኑ ነው። ቴፑን አውጥቶ ጀርባውን ለተመለከተ ሰው ግን ፊውዙ ብዙውን ጊዜ 10 ወይም 15 አምፒር ነው። መኪናው ሲሠራ ከ14 ቮልት ብዙ ስለማይበልጥ፣ 10 አምፒር በ14 ሲባዛ 140 ዋት ይሆናል። 140 ዋት ከሚገባበት ዕቃ 200 ዋት ሊወጣ አይችልም። በተግባር እንዲህ ያለው ቴፕ ለአንድ ስፒከር የሚሰጠው ከ15 እስከ 22 ዋት ነው። ሰብዉፈርን በቀጥታ ከቴፑ ጋር ማገናኘት የማያዋጣውና አምፕሊፋየር የሚያስፈልገውም በዚህ ምክንያት ነው።

ዋቱን በፊውዝ መመዘን

ይኸው ስሌት ለአምፕሊፋየሩም ይሠራል። የፊውዙን አምፒር በ14 ማባዛት፤ ይህ ወደ ዕቃው የሚገባው ኃይል ነው። ከሚገባው ኃይል ውስጥ ከፊሉ ወደ ሙቀት ይለወጣል። «ክላስ ኤቢ» የሚባለው የቆየ አሠራር ከሚገባው 60 ከመቶ ያህሉን ወደ ድምፅ ሲያወጣ፣ «ክላስ ዲ» የሚባለው ደግሞ 80 ከመቶ ገደማ ያወጣል።

እንግዲህ ካርቶኑ 1,200 ዋት የሚል፣ ጎኑ ላይ ግን አንድ ባለ 30 አምፒር ፊውዝ ብቻ ያለው አምፕሊፋየር ቀረበ እንበል። 30 በ14 ሲባዛ 420 ዋት ነው። ዕቃው ክላስ ኤቢ ከሆነ የሚወጣው 250 ዋት ገደማ፣ ክላስ ዲ ከሆነ 330 ዋት ገደማ ነው። ገዢው የ1,200 ዋት ዋጋ ከከፈለ ሩብ ገደማ ለሚሆን ዕቃ ሙሉ ዋጋ ከፍሏል ማለት ነው። ሁለት ፊውዝ ያለው ከሆነ ሁለቱን ደምሮ ማስላት ነው። ፊውዝ ለቅጽበት ከመጠኑ በላይ ሊያሳልፍ ስለሚችል ስሌቱ የቤተ ሙከራ ውጤት አይደለም፤ ሩቡን ከሙሉው ለመለየት ግን ከበቂ በላይ ነው።

ተቃራኒውንም ማየት ይጠቅማል። ዕቃው በእውነት 1,200 ዋት ያለማቋረጥ ያወጣል ቢባል፣ በክላስ ዲ እንኳ 1,500 ዋት መግባት አለበት። ይህም 107 አምፒር ነው። የአንድ ትንሽ የቤት መኪና ዲናሞ የሚሰጠው አብዛኛውን ጊዜ ከ70 እስከ 100 አምፒር ሲሆን፣ ከዚያው ላይ መብራት፣ የራዲያተር ቬንትሌተር፣ የነዳጅ ፓምፕና የዝናብ መጥረጊያ ይካፈላሉ። ሙዚቃ ሁልጊዜ ሙሉ ኃይል የማይጠይቅ ቢሆንም፣ ካርቶኑ እውነት ቢናገር ኮሮላዋ ልትሸከመው አትችልም። ስለዚህ ትልቁ ቁጥር ሐሰት ከሆነ ገዢው ተታሏል፤ እውነት ከሆነም የማይጠቀምበትን ገዝቷል።

የቁጥሩ መሠረት

ቁጥሩ ሁልጊዜ ፈጽሞ ከባዶ የተነሣ አይደለም። «ማክስ» ወይም «ፒክ» የሚባለው ዕቃው ለቅጽበት ሊደርስበት የሚችለው ጫፍ ነው፤ አንዳንዱ አምራች ይህንንም በራሱ ፈቃድ ያበዛዋል። «አር ኤም ኤስ» የሚባለው ደግሞ ያለማቋረጥ የሚሰጠው ኃይል ነው። ለገበያ የሚጠቅመው ሁለተኛው ነው። በአሜሪካ የኤሌክትሮኒክስ አምራቾች ማኅበር ከ2003 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ «ሲኢኤ-2006» የሚል መለኪያ አውጥቷል። በዚህ መለኪያ የተፈተሸ አምፕሊፋየር በ14.4 ቮልትና በ4 ኦም፣ የድምፅ መዛባቱ ከ1 ከመቶ ሳይበልጥ ስንት ዋት እንደሚሰጥ ይናገራል። ካርቶኑ ላይ ይህ ምልክት ካለ ቁጥሩን ከሌላ ተመሳሳይ ምልክት ካለው ዕቃ ጋር ማነጻጸር ይቻላል። ከሌለ ፊውዙን ማየት ነው። ስማቸው የገነነ ብራንዶች ደግሞ ተመሳስለው ስለሚሠሩ ስሙ ብቻውን ዋስትና አይሆንም፤ ክብደቱም፣ ፊውዙም፣ የመመሪያው ወረቀትም አብረው ይታዩ።

ስንት ዋት ይበቃል?

እዚህ ላይ ብዙ ገንዘብ የሚባክንበት አንድ የተሳሳተ ግምት አለ። ዋቱ ሲታጠፍ ድምፁም ይታጠፋል ተብሎ ይታሰባል። እውነቱ ግን ዋቱ ሲታጠፍ ድምፁ የሚጨምረው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው። ለጆሮ «እጥፍ ሆነ» የሚያሰኘው 10 ዴሲቤል ገደማ ሲሆን፣ ለዚያ አሥር እጥፍ ዋት ያስፈልጋል። ከ250 ወደ 500 ዋት ለመሄድ ገንዘቡን፣ ገመዱንና የዲናሞውን ጫና እጥፍ ያደረገ ሰው የሚያገኘው ልዩነት ልብ ብሎ ለሚያዳምጥ ብቻ የሚታወቅ ነው።

በአንጻሩ ሰብዉፈሩ ራሱ ላይ «ሴንሲቲቪቲ» ተብሎ በዴሲቤል የሚጻፍ ቁጥር አለ። በዚህ ቁጥር 3 ዴሲቤል የሚበልጥ ሰብዉፈር በግማሽ ዋት ተመሳሳይ ድምፅ ያወጣል። ስለዚህ ከአምፕሊፋየሩ ዋት ይልቅ የሰብዉፈሩን ይህን ቁጥር አነጻጽሮ መግዛት ርካሹ መንገድ ነው። ለአንድ ኮሮላ፣ ሹፌሩና ቤተሰቡ ሙዚቃውን ሙሉ አድርገው እንዲሰሙ፣ ባለ 10 ኢንች አንድ ሰብዉፈር ከ200 እስከ 300 ዋት አር ኤም ኤስ ከሚሰጥ አምፕሊፋየር ጋር በቂ ነው። ከመኪናዋ ዲናሞ አቅምም አይወጣም።

ከካርቶኑ ውጪ ያለው ወጪ

ገዢው ዋጋ ሲጠይቅ የሚነገረው የሰብዉፈሩና የአምፕሊፋየሩ ዋጋ ነው። ሥራው ግን ሌሎች ዕቃዎችም ይፈልጋል። እነሱም የሚከተሉት ናቸው።

አንደኛ፣ መቀየሪያ። የፋብሪካው ቴፕ ለአምፕሊፋየር የሚሆን መውጫ ላይኖረው ይችላል። ያን ጊዜ የስፒከሩን ድምፅ ዝቅ አድርጎ ለአምፕሊፋየሩ የሚያቀብል ትንሽ መቀየሪያ ያስፈልጋል። አንዳንድ አምፕሊፋየሮች ግን የስፒከር ገመድ በቀጥታ የሚቀበሉበት መግቢያ ስላላቸው ይህን ወጪ ያስቀራሉ፤ ከመግዛት በፊት መጠየቅ ተገቢ ነው። አንዳንድ የፋብሪካ ቴፖች ደግሞ ስፒከራቸውን ለመጠበቅ ሲሉ ድምፁ ከፍ ሲል ቤዙን ራሳቸው ይቀንሳሉ። እንዲህ ባለ መኪና ላይ ተራ መቀየሪያ ሲገጠም ቤዙ ከፍ ባለ ድምፅ ላይ ይጠፋል። ባለቤቱ ዕቃው ተበላሸ ብሎ ይመልሳል፤ ዕቃው ግን ደህና ነው።

ሁለተኛ፣ ሳጥን። ሰብዉፈር ያለ ሳጥን አይሠራም። ከፊቱ የሚወጣው ድምፅና ከጀርባው የሚወጣው ድምፅ ሲገናኙ ይጠፋፋሉና። ለባለ 10 ኢንች ሰብዉፈር ዝግ ሳጥን ከ15 እስከ 20 ሊትር፣ ለባለ 12 ኢንች ደግሞ ከ28 እስከ 35 ሊትር ገደማ የውስጥ ስፋት የተለመደ ነው፤ ትክክለኛው በአምራቹ ወረቀት ላይ ይገኛል። ቀዳዳ ያለው ሳጥን የበለጠ ይጮኻል፤ ቦታም የበለጠ ይይዛል። ውፍረቱ 18 ሚሊ ሜትር የሆነ ኤምዲኤፍ ለሥራው ይመረጣል። ስስ ጣውላ ራሱ ስለሚንቀጠቀጥ የተከፈለበትን ዋት ይበላል።

የኋላ ኮፈኑን ለዕቃ የሚጠቀም ነጋዴ ከመቀመጫ ሥር የሚገባውን፣ አምፕሊፋየሩ በውስጡ ያለውን ስስ ሰብዉፈር ቢመርጥ ይሻለዋል። የትልቁን ያህል ባይጎምድም ኮፈኑን አይወስድም፤ የሚስበው ኃይልም አነስተኛ ነው። የቤት መኪና ኮፈን ከተሳፋሪው ክፍል በብረትና በመቀመጫ የተለየ በመሆኑ ድምፁ በከፊል እዚያው እንደሚቀርም ማወቅ ያስፈልጋል። የኋላ መቀመጫው የሚታጠፍ ከሆነ ይቀላል።

ሦስተኛ፣ ገመድና ፊውዝ። ይህኛው ከገንዘብም በላይ ስለሆነ ለብቻው መታየት አለበት።

እሳቱ የሚነሳው ከገመዱ ነው

አምፕሊፋየሩ ኃይሉን የሚያገኘው በቀጥታ ከባትሪው ነው። በኮሮላ ከፊት ካለው ባትሪ እስከ ኋላ ኮፈን 5 ሜትር ገደማ ገመድ ይሄዳል። 30 አምፒር የሚስብ አምፕሊፋየር በቤት ውስጥ ሶኬት በሚዘረጋው 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ ቢታሰር፣ በመንገድ ላይ 1 ቮልት ያህል ይጠፋል። 30 ዋት ገደማ ሙቀት ደግሞ በምንጣፉ ሥር በገመዱ ላይ ይቀራል። በ8 ካሬ ሚሊ ሜትር መዳብ ግን የሚጠፋው ከ0.35 ቮልት በታች ነው። ስለዚህ ከ300 ዋት ላልበለጠ ሥራ 8 ካሬ ሚሊ ሜትር እውነተኛ መዳብ ይበቃል። ከዚያ በላይ ለሚሄድ 21 ካሬ ሚሊ ሜትር ያስፈልጋል።

«እውነተኛ መዳብ» ማለት ያስፈለገው ያለ ምክንያት አይደለም። በገበያው ውስጡ አሉሚኒየም፣ ላዩ መዳብ የተቀባ ገመድ አለ። ቀለሙ ያው ነው፤ ዋጋው ይቀንሳል፤ የሚያሳልፈው ኃይል ግን ከመዳቡ ሁለት ሦስተኛ እንኳ አይሞላም። ለመለየት አንዱን ክር በምላጭ መፋቅ ይበቃል። ከውስጥ ነጭ ከወጣ አሉሚኒየም ነው። በእጅ ሲያዝም ይቀላል። ሌላው ማታለያ የላዩ ፕላስቲክ ወፍራም ሆኖ ውስጡ ያለው ክር ቀጭን መሆኑ ነው። ገመድ የሚገዛ ሰው ጫፉን አስቆርጦ ይመልከት።

ከዚህ ሁሉ በላይ ያለው ነገር ፊውዝ ነው። ከባትሪው የሚነሳው ገመድ ከባትሪው ቢበዛ በ45 ሳንቲ ሜትር ርቀት ውስጥ የራሱ ፊውዝ ሊኖረው ይገባል። አምፕሊፋየሩ ላይ ያለው ፊውዝ የሚጠብቀው አምፕሊፋየሩን ነው፤ 5 ሜትሩን ገመድ አይጠብቅም። ገመዱ ሞተሩን ከተሳፋሪው ክፍል በሚለየው ብረት ሲያልፍ ከተፋቀና ከብረቱ ጋር ከተገናኘ፣ ባትሪው ያለውን ሁሉ በአንድ ጊዜ ይለቃል። ፊውዝ ካለ ይቃጠልና ነገሩ ያበቃል። ከሌለ ገመዱ ራሱ ይቀልጣል፤ ምንጣፉም ይቃጠላል። አንዲት ትንሽ ፊውዝና ገመዱ በሚያልፍበት ቀዳዳ ላይ የምትገባ የጎማ ቀለበት፣ ዋጋቸው ከጠቅላላው ወጪ እዚህ ግባ የማይባል ሆኖ ሳለ፣ በጥድፊያ ሥራ መጀመሪያ የሚዘለሉት እነሱ ናቸው።

መኪናው ኢንሹራንስ ያለው ከሆነ ፖሊሲውን ማንበብ ያስፈልጋል። ከፋብሪካው ውጪ የተጨመረ ዕቃ ብዙውን ጊዜ ሽፋን የሚያገኘው በዝርዝር ከነዋጋው ሲመዘገብ ነው። ለኩባንያው በጽሑፍ ማሳወቅና የሥራውን ደረሰኝ መያዝ ከክርክር ያድናል።

ኦሙን አለማየት የሚያስከትለው

የተቃጠሉ አምፕሊፋየሮች ወደ ሱቅ ሲመለሱ በተደጋጋሚ የሚገኝ ምክንያት የኦም አለመጣጣም ነው። ሁለት መጠምጠሚያ ያለው ባለ 4 ኦም ሰብዉፈር ጎን ለጎን ሲታሰር 2 ኦም፣ በተከታታይ ሲታሰር 8 ኦም ይሆናል። አምፕሊፋየሩ ከ4 ኦም በታች የማይችል ከሆነና በ2 ኦም ከታሰረበት ይግላል፤ ውሎ አድሮም ይቃጠላል። በመለኪያ ማረጋገጥ ቀላል ነው። ባለ 4 ኦም መጠምጠሚያ በመልቲሜትር ሲለካ ከ3.2 እስከ 3.8 ያህል ያሳያል።

ሁለተኛው ምክንያት «ጌይን» የሚባለውን ቁልፍ እንደ ድምፅ መጨመሪያ መጠቀም ነው። ይህ ቁልፍ የቴፑንና የአምፕሊፋየሩን መጠን ማስማሚያ እንጂ ድምፅ መጨመሪያ አይደለም። እስከ ጫፍ ሲዞር ድምፁ ይቆረጣል፤ የተቆረጠ ድምፅ ደግሞ ሰብዉፈሩን ያቃጥላል።

ደላላውና ገዢው የሚያዩት

ያገለገለ መኪና ሲሸጥ «ቤዝ አለው» ማለት ብቻውን ዋጋ አይጨምርም። ገዢው የሱን ሙዚቃ ላይወድ፣ ኮፈኑንም ለዕቃ ሊፈልግ ይችላል። ጥንቁቅ ገዢ የሚያየው የተቆረጠ ገመድ፣ የተበሳ ብረትና የተፈታ ዳሽቦርድ አለመኖሩን ነው። ስለዚህ የፋብሪካውን ሶኬት ሳይቆርጡ በመካከል በሚገባ መሰኪያ ማሠራትና ሁሉም ተነቅሎ መኪናዋ እንደነበረች እንድትመለስ ማድረግ ያዋጣል። ባለቤቱ ሲሸጥ ዕቃውን ነቅሎ ለሚቀጥለው መኪናው ይወስዳል፤ ወይም ለብቻው ይሸጣል።

መኪና የሚያገናኝ ደላላ ወይም የሚገዛ ሰው ኮፈኑ ውስጥ ሳጥን ካየ የሚከተሉትን ይመልከት። ከባትሪው የሚነሳው ወፍራም ገመድ አጠገቡ ፊውዝ አለው ወይ? በብረቱ ቀዳዳ ላይ የጎማ ቀለበት አለ ወይ? የፋብሪካው ቴፕ ሶኬት ተቆርጧል ወይ? ቀጥሎ በመልቲሜትር ባትሪውን ይለካ። መኪናው አድሮ ሳይነሳ 12.6 ቮልት ካሳየ ባትሪው ሙሉ ነው፤ 12.2 ከሆነ ግማሽ ነው። ሞተሩ ሲነሳ ከ13.8 እስከ 14.4 ሊሆን ይገባል። ከዚያ መብራቱ በርቶ ቤዙ ከፍ ብሎ ሲመታ ቮልቱ በየምቱ ከ13 በታች የሚወርድ ከሆነ ወይ ዲናሞው ደክሟል፣ ወይ የተገጠመው ዕቃ ከመኪናው አቅም በላይ ነው። አድሮ የማይነሳ መኪና ከሆነ ደግሞ ቴፑ ሲጠፋ አምፕሊፋየሩም የሚጠፋ መሆኑን ማየት ይገባል። የማብሪያ ገመዱ ከተሳሳተ ቦታ ከተወሰደ አምፕሊፋየሩ ሌሊቱን በሙሉ ባትሪውን ሲጠጣ ያድራል።

በኤሌክትሪክ የሚሠሩ መኪኖች

አሁን በከተማው እየበዙ ያሉት የኤሌክትሪክ መኪኖች ዲናሞ የላቸውም። ቴፑንና መብራቱን የሚመግበው 12 ቮልት ባትሪ የሚሞላው ከትልቁ ባትሪ ኃይል ቀንሶ በሚያቀብል መሣሪያ ነው። አምፕሊፋየሩ የሚታሰረው በዚሁ በ12 ቮልቱ በኩል ብቻ ነው። ብርቱካንማ ቀለም ያላቸው ገመዶች የሚገድል ከፍተኛ ቮልት የሚያልፍባቸው ስለሆኑ በዲኮር ቤት የሚነኩ አይደሉም። ቴፑም ከመኪናው ስክሪንና ኮምፒዩተር ጋር የተያያዘ በመሆኑ ነቅሎ መለወጥ አይሞከርም፤ ከስፒከሩ ገመድ መውሰድ ይሻላል። ዋስትናው ያላለቀ መኪና ከሆነ ደግሞ ሻጩን አስቀድሞ መጠየቅ ነው።

ለሻጭም ለገዢም

ዕቃውን ለሚያመጣው ነጋዴ፣ አምፕሊፋየሩን፣ ትክክለኛውን ገመድ፣ ፊውዙንና መቀየሪያውን በአንድ ላይ እንደ ሙሉ ዕቃ አድርጎ መሸጥ ከነጠላ ሽያጭ ይሻላል። ደንበኛው ገመዱን ከሌላ ሱቅ በርካሽ ገዝቶ ዕቃው ሲቃጠልበት ተመልሶ የሚመጣው ወደ አምፕሊፋየሩ ሻጭ ነው። በአር ኤም ኤስ የተጻፈ ቁጥር ያለውን ዕቃ መርጦ ማስገባትም እንዲሁ ከመመለስ ክርክር ያድናል።

ገዢው ደግሞ ከሱቅ ሲገባ ሦስት ጥያቄ ይበቃዋል። አር ኤም ኤሱ ስንት ነው? ፊውዙ ስንት አምፒር ነው? ገመዱ መዳብ ነው ወይስ የተቀባ? ሻጩ የመጀመሪያውን ጥያቄ በካርቶኑ ቁጥር ከመለሰ፣ ገዢው ፊውዙን አይቶ በ14 ያባዛና ዋጋውን ከዚያ ጀምሮ ይከራከር።